ስንት ናችሁ ቢሉሽ

«ስንት ናችሁ ቢሉሽ?»

«ሁለት።»

«እንደሱ ተሽቀዳድመሽ አይደለም። ያጠናሽው ይመስላል። እንደገና፦ ስንት ናችሁ ልጄ?»

ይርገዱ የሒሳብ ደብተሯን ጭኗ ላይ እንደዘረጋች ትንሽ ያሰበች መሰለች። «ሁለት ነን አባባ። እኔና ታላቅ እህቴ አስቻለች።»

«አሁን ሸጋ ሆነ» አለች እናቷ በዛች፣ ሽንኩርቷን እየላጠች።

የኔአለም መሬት ላይ ተቀምጣ የወደቀውን ልጣጭ ከትልቁ ወደ ትንሹ ትደረድራለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጨዋታ የመሰላት ነገር ሁሉ ደስ ይላታል። ይሄም ጨዋታ መሰላት።

«እማ፣ እኔንስ ስንት ናችሁ ቢሉኝ?»

«አንቺን ማንም አይጠይቅሽም» አለቻት እናቷ፣ ቀና ሳትል።

የኔአለም መልሱ በቂዋ ነበርና ወደ ልጣጯ ተመለሰች። ይርገዱ ግን ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ወር ብቻ እንደቀረ እያወቀች ያንኑ አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ሦስቱንም ጊዜ አልገባትም።

እሑድ ከደጎሎ ሽማግሌ ይመጣል። አስቻለችን ለባህሩ ሊጠይቁ ነው። ባህሩ ከደጎሎ መካነ ሰላም እህል የሚያመላልስ የአይሱዙ ሾፌር ነው። አስቻለች ከሪያድ በተመለሰች በሁለተኛው ወር አባቷ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ተዋወቁ፤ ከዚያ በኋላ ስልኳ ከጆሮዋ አልተለየም። ሁለቱ ተነጋግረው ጨርሰዋል። የቀረው የትልልቅ ሰዎች ሥራ ነው፤ የትልልቅ ሰዎች ሥራ ደግሞ መመርመር ነው። የማን ልጅ ናት፣ የማን የልጅ ልጅ ናት፣ በዘራቸው ቁምጥና አለ ወይ፣ የሚጥል በሽታ አለ ወይ። አህያ የሚገዛ ሰው እንኳ ይሄን ያህል አይጠይቅም።

ከሽማግሌዎቹ ዋናው የባህሩ አጎት አቶ አሳምነው ናቸው። ጉዳዩን ይዛ በሁለቱ ቤት መሃል የምትመላለሰው ሴትዮ አስቀድማ እንዳስጠነቀቀችው፣ እሳቸው ትልቅ ሰው አይጠይቁም፤ ትልቅ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚቀርበው ይላሉ። ግብዣው መሃል የቤቱን ልጅ ይጠሩና ራሷን እየዳበሱ «ስንት ናችሁ?» ይሏታል። በዚህች ጥያቄ ብቻ ሁለት ጋብቻ አስቀርተዋል ይባላል። በዛችም ይህን ከሰማች ጀምሮ ልጇን ታስጠናለች።

እንዳትቆጠር የተፈለገችው የኔአለም ናት። ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ምስር ምስር የሚያካክሉ ቀያይ እብጠቶች ወጥተውባታል። በአራት ዓመቷ ጀምረው እያደር በዙ። ጀርባዋና ጭኗ ላይ ቅጠል የመሰሉ ነጫጭ ምልክቶች አሉ። አንዳንዴ ዓይኗ አንድ ቦታ ተተክሎ ይቀርና ትወድቃለች። አንደኛ ክፍል በገባች በሁለተኛው ወር ክፍል ውስጥ ስትወድቅ ወላጆች «ልጆቻችንን ይይዝብናል» ብለው መጡ፤ አስተማሪዋም «ለጊዜው ቤት ትሁን» አሉ። ለጊዜው የተባለው ሦስት ዓመት ሆነው። የሰፈሩ ልጆች «ምስር» ብለው ይጠሯታል። እሷም ዞር ብላ «አቤት» ትላለች።

ጠበሉም፣ አዋቂውም፣ ቅጠሉም ተሞከረ። በመጨረሻ ዓምና አስቻለች ከሪያድ ገንዘብ ልካ ደሴ ወሰዷት። ይርገዱም አብራ ሄዳ ነበር። ወጣት ሐኪም ክፍሉን አጨልሞ ሰማያዊ መብራት እያበራ የኔአለምን ከራሷ እስከ እግሯ ተመለከታት፤ ጭንቅላቷንም በመሣሪያ አስነሳት፣ ኩላሊቷንም አየ። ከዚያ ቲውበረስ ስክለሮሲስ የሚባል ረጅም ስም ነገራቸው።

«ፊቷ ላይ ስለሚታይ የቆዳ በሽታ ይመስላችኋል እንጂ የመላ አካል ነው» አለ። «አንጎል ውስጥም፣ ኩላሊት ላይም፣ ልብ ላይም እንዲህ ያለ እብጠት ያወጣል። የምትወድቀው ለዚያ ነው። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። አብሯት የሚበላም አብሯት የሚተኛም አይያዝም። ኪኒኑን አንድም ቀን እንዳታስተጓጉሉባት።»

እስከዚህ ድረስ በዛች እያለቀሰች ታመሰግን ነበር። ሐኪሙ ቀጠለ። «አብሮ የሚወለድ ነው፤ በዘር ሊመጣ ይችላል። አንዳንዱ ላይ በጣም ቀላል ስለሆነ ሳያውቀው ዕድሜውን ይጨርሳል። ቤተሰቡ ሁሉ ቢታይ ጥሩ ነው። እስቲ እናት፣ እጅዎን ልየው።»

በዛች እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። በቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ሥር የበቀለች ትንሽ ሥጋ እንዳለች ይርገዱ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። እናቷ ሲጠይቋት «የእሾህ ነው» ትል ነበር። ከሐኪም ቤቱ እንደወጡ በዛች ይርገዱን መንገድ ላይ አቁማ፣ በዘር የሚለውን ቃል ለአባቷም ጭምር እንዳትናገር በማርያም ስም አስማለቻት።

እንግዲህ ለእሑድ ምን ይደረግ ሲባል መጀመሪያ የታሰበው የኔአለምን ወግዲ አክስቷ ዘንድ መላክ ነበር። አክስትዋ በስልክ «እጄ ላይ ብትወድቅብኝስ?» ብላ እምቢ አለች። ስለዚህ ግቢው ጥግ ባለው በአባቷ ወፍጮ ቤት ውስጥ እንድትቆይ ተወሰነ። ጎረቤቱ ይናገር ይሆን ወይ የሚል ስጋትም ነበር፤ በዛች በየቤቱ እየዞረች ለመነች፤ ሁሉም «ትዳር የሚያፈርስ አፍ የለንም» አሏት። የሰፈሩ ሰው ደግ ነው። የዚያ ሳምንት ደግነቱ የኔአለምን አለመቁጠር ሆነ።

ቅዳሜ ከሰዓት ይርገዱና አስቻለች ለእንግዳ የሚሆኑ ብርጭቆዎች ያጥቡ ነበር።

«አስቼ፣ ተቆልፎባት ብትወድቅስ?»

«ኪኒኗን ከወሰደች አትወድቅም።»

«ቆይ፣ ባህሩም አያውቅም?»

«ከገባሁ በኋላ እነግረዋለሁ።»

«ሼም አይደለም እንዴ? ታናሽሽ እኮ ናት።»

አስቻለች የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። እጇ በኬሚካል ብዛት የአሮጊት እጅ መስሏል። «ስሚ ይርጌ፣ አራት ዓመት የሰው ሽንት ቤት ያጠብኩት ለማን ነው? ደሴ ያሳከማት ማን ነው? ኪኒኗን የሚገዛው ማን ነው? መዳም በጫማ ስትመታኝ ‹ለየኔአለም ነው› እያልኩ ነው የቻልኩት። የጠላኋት መሰለሽ? አንድ ቀን ብቻ ለራሴ ብትሰጡኝ ምን አለበት? ከዚያ በኋላ ኸላስ፣ ምንም አልጠይቃችሁም።»

አስቻለች የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። ይርገዱ ብርጭቆውን እያደራረቀች «እሺ» አለች።

እሑድ ረፋድ ላይ ቤቱ እንደ ንብ ቀፎ ተተራመሰ። አባታቸው አድማሴ፣ በዛች የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ስትሰጠው፣ «እኔ በልጄ ላይ አልቆልፍም» አለና ጠላ ሊያመጣ ወጣ። አልቆልፍም አለ እንጂ አይቆለፍባትም አላለም። ቁልፉ ይርገዱ እጅ ገባ።

የኔአለም ዳቦዋንና አንድ ፕላስቲክ ውሃ ታቅፋ ከዱቄት ማዳበሪያዎቹ መሃል ተቀመጠች። በባዶ እግሯ ነበረች።

«እንግዶቹ እስኪሄዱ ነው። ድምፅ እንዳታሰሚ» አለቻት ይርገዱ።

«ብጮህ ምን ይሆናል?»

«አስቼ ታዝናለች።»

«እሺ፣ አልጮህም» አለች የኔአለም፣ አፏን በእጇ ከድና እየሳቀች።

ይርገዱ ቆለፈች። የጠዋቱን ኪኒን እናቷ የሰጠቻት መስሏት ነበር። እናቷም ይርገዱ የሰጠቻት መስሏት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አቶ አሳምነው መነጽር ያደረጉ ቀጭን ሰው ናቸው። ይርገዱ ክፉ ሰው ስትጠብቅ ነበር የሰነበተችው፤ እሳቸው ግን ገና ሲገቡ «ደህና ነሽ የኔ እናት?» ብለው ግንባሯን ሳሟት። ደግ መሆናቸው ነገሩን አከበደባት። ከተበላ፣ ከተጠጣና ነገሩ ከተነሳ በኋላ እንደተባለውም ጠሯት።

«ስንት ናችሁ ልጄ?»

«ሁለት ነን አባባ። እኔና ታላቅ እህቴ አስቻለች።»

በዛች ተነፈሰች። አቶ አሳምነው ግን ወደ በሩ እያዩ ነበር። «ያቺ ትንሽ ጫማስ የማን ናት?»

በሩ ሥር፣ ከትልልቆቹ ጫማዎች ጎን፣ የየኔአለም ሮዝ ኮንጎ ጫማ ተቀምጣ ነበር። ቤቱ ተወልውሎ፣ ግድግዳው ታጥቦ፣ የልጅቷ ልብስ ሁሉ ተሸሽጎ ጫማዋ ተረሳች። ይህን አላጠኑትም። ይርገዱ የእናቷን ፊት አየች፤ ነጭ ሆኗል። አስቻለች በጓዳው መጋረጃ ቀዳዳ ታያታለች። የጎረቤት ልጅ ናት ማለት ትችል ነበር፤ ይህ የታሰባት ከብዙ በኋላ ነው።

«የታናሽ እህቴ ነበረች» አለች። «ሞታለች።»

አንደኛው ሽማግሌ የያዘውን ጠላ ወደ መሬት መለሰ። አቶ አሳምነው ኮፍያቸውን አወለቁ። «መቼ?»

«ዓምና።»

«በምን ምክንያት?»

መልሱ የመጣው ከእናቷ ነው። «በኩፍኝ» አለች በዛች።

«ስሟ ማን ነበር?»

«የኔአለም» አለች ይርገዱ። ለዚህ ብቻ ውሸት አልመጣላትም።

ሦስቱም ሽማግሌዎች ተነሱ። በየተራ በዛችን ትከሻዋን ነክተው «እግዜር ያጥናሽ» አሏት፤ እሷም አንገቷን ደፍታ «አሜን፣ አብሮ ያጥናን» አለች። ለአድማሴም እንዲሁ ሆነ። አድማሴ አሜን አላለም፤ መሬት መሬት ነበር የሚያየው። ሰዎቹ ሐዘኑ ያልወጣለት አባት መሰላቸው።

«ዘመድ ልንሆን መጥተን ሐዘናችሁን ሳንደርስ ቀርተናል» አሉ አቶ አሳምነው። «ይሄ ነውር ነው። ጋብቻው በኛ በኩል አልቋል፣ ሸጋ ቤት ነው። ግን ሴቶቻችን መጥተው ለቅሶ ሳይደርሱ የሰርግ ቀን አንቆርጥም። ረቡዕ ይመጣሉ።»

ይርገዱ ሽማግሌዎቹ እስኪሸኙ አልቆየችም። አንድ እንጀራ ላይ ሁለት ሥጋ አድርጋ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጠች። ስትከፍት የኔአለም ወለሉ ላይ ተዘርራለች። አንድ የዱቄት ማዳበሪያ ተደፍቶ ከራሷ እስከ ወገቧ ነጭ ሆናለች። እብጠቱ አይታይም፣ ከንፈሯ አይታይም። አትንቀሳቀስም።

ይርገዱ ሳህኑን ጣለችው። ሞታለች ያለችው ከጥቂት ደቂቃ በፊት ነው። እግዚአብሔር ሰማኝ ብላ አሰበች። በአራት እግሯ ሄዳ ጆሮዋን ደረቷ ላይ ስታደርግ ልቧ ይመታል። ዱቄቱን ከአፍንጫዋና ከአፏ ጠራረገችላት። ምላሷን ነክሳው ደሙ ከዱቄቱ ጋር ተቦክቷል። ቀሚሷ እርጥብ ነው።

ብዙ ቆይታ የኔአለም ዓይኗን ገለጠች። ሁልጊዜ ከወደቀች በኋላ እንደሚሆነው የት እንዳለች ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት።

«አልጮህኩም» አለች።

በዛች መጥታ ልጇን አጠበች። ውሃው ሦስት ጊዜ ተቀየረ። በመጨረሻ ይርገዱ «ኪኒኗን ማን ረሳ?» አለች።

«ሁለታችንም።»

«ለሽማግሌው ልንገራቸው እማ። አሁን ደውለን እንንገራቸው።»

«ምን ብለን? ሞታለች ያልናት ልጅ ተነሳች ብለን?» በዛች እጇን ከውሃው አውጥታ አውራ ጣቷን ለይርገዱ አሳየቻት። «ከኔ ነው የወጣው። እኔ ነኝ ያወረስኳት፤ አውቀዋለሁ። ይሄ ከታወቀ አስቻለችን ማንም አይወስዳት፣ አንቺንም ማንም አይወስድሽ። ሦስቱንም ልቅበር? አንዷን ቀብሬ ሁለቱ ቢተርፉልኝ አይሻልም?»

የኔአለም ገንዳው ውስጥ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ይርገዱ በዚያች ደቂቃ እናቷን ጠላቻት። ወዲያው ደግሞ አሳዘነቻት፤ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቃታት።

ረቡዕ የሚሆነው ለጎረቤት መነገር ነበረበት። ለቅሶ ያለ ጎረቤት አይሆንማ። ጎረቤታቸው እቴቴ ስትሰማ «ወይ ያረቢ፣ በቁሟ ነው የምናለቅስላት? ሟርት አይሆንም?» ብላ አማተበች። ግን እሷም መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ንፍሮ ይዛ፣ ከሁሉም ቀድማ መጣች። ከእሷ ቀጥሎ ሌሎቹም። ድንኳን አልተጣለም እንጂ የለቅሶ ቤት የሚያሰኘው ሁሉ ተሟልቶ ነበር። ወፍጮው እንዳይጮህ ተዘጋ፤ የኔአለምም ውስጥ ሆና ተዘጋባት። የዛሬውን ኪኒን ይርገዱ በገዛ እጇ ሰጥታት፣ አፏን ከፍታ መዋጧን አይታ ነው የወጣችው። የቆለፈው ግን በመጨረሻ አባቷ ነበር።

የደጎሎ ሴቶች ከሚኒባሱ ሲወርዱ ለቅሷቸውን ከመንገዱ ጀመሩ። አሥራ አንድ ነበሩ፤ እንጀራና ዳቦ ተሸክመዋል። ከፊታቸው የባህሩ አክስት እትዬ ሸጋዬ ትመጣለች፣ ወፍራም፣ እስከ ደጎሎ ጫፍ በሙሾ አውጪነቷ የምትታወቅ ሴት። ግቢው በር ላይ ቆማ ድምፅዋን አወጣች።

«የኔአለም የሚሏት እንዴት ያለች ነበረች፣
ሳንስማት ሳናቅፋት ሳናያት የሄደች።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ደፍተው እርስ በርሳቸው ላለመተያየት ይጥራሉ። እትዬ ሸጋዬ ገብታ አንገቷን ስታቅፋት በዛች ከሆዷ የወጣ ድምፅ አሰማች። የምሯን ነበር የምታለቅሰው። ደረቷን እየደቃች «ልጄን፣ ልጄን» ትላለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማልቀስ ፈቃድ ስትጠብቅ የኖረች መሰለች። ይርገዱ ይህን ማየት አልቻለችምና ዓይኗን ወደ ሣር ምንጣፉ መለሰች።

አስቻለች ከጎኗ ተቀምጣለች። አታለቅስም። አማቶቿ ከሚሆኑት ሴቶች አንዷ ጉልበቷን እየዳበሰች «አይዞሽ የኔ ሙሽራ፣ አብሽሪ» ትላታለች።

ለቅሶው ጋብ ሲል እትዬ ሸጋዬ ላቧን ጠርጋ አካባቢውን ቃኘችና ይርገዱን በጣቷ ጠራቻት። ሙሾ አውጪ የምታለቅስለትን ሰው መልክና ጠባይ ጠይቃ ነው ግጥሙን የምትሠራው፤ ካልጠየቀች ለቅሶው ለማንም የሚሆን ለቅሶ ይሆናል።

«ነይ ልጄ። እናትሽን አላስጨንቃትም፣ አንቺ ንገሪኝ። እህትሽ ምን ትመስል ነበር?»

እቴቴ ንፍሮዋን በአፏ እንደያዘች ቀረች።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቆንጆ ነበረች ቢባል እትዬ ሸጋዬ የቀረውን ራሷ ትሞላዋለች፤ ዓይኗን የኮከብ፣ ጥርሷን የወተት ታደርገውና ሰው ሁሉ አልቅሶ ይሄዳል። ቀን ይቆረጣል። አስቻለች ትዳራለች፤ ይገባታልም። የኔአለም ደግሞ ከዛሬ በኋላ ሬሳ ናት። ደጎሎዎች በመጡ ቁጥር፣ ልጅ በተጠመቀ ቁጥር፣ በዓል በመጣ ቁጥር ትቆለፋለች፤ አድጋም ትቆለፋለች። አስቻለች ‹ከገባሁ በኋላ እነግረዋለሁ› ያለችው ስለ በሽተኛ እህት ነበር። ተለቅሶላት ንፍሮ ስለተበላላት እህት ምን ብላ ትነግረዋለች?

ይርገዱ ፈራች። ሞታለች ብላ የተናገረችው እሷ ራሷ እንደሆነች፣ እናቷ ኩፍኝ ብቻ እንደጨመረችበት አሰበች።

«እርስዎ ራስዎ ይዩዋት» አለች።

«እንዴት አልሽኝ?»

«አለች። ላምጣትና ይዩዋት።»

ከተቀመጠችበት ስትነሳ አስቻለች የቀሚሷን ጠርዝ ያዘች። «በሞቴ ይርጌ» አለች በሹክሹክታ። «በሞቴ ተይ። ምን አደረግኩሽ?»

ምንም አላደረገቻትም። ይርገዱ በዓለም ላይ ከአስቻለች የበለጠ የዋለላት ሰው የላትም፤ የለበሰችውን ቀሚስ የገዛችላትም እሷ ናት። ጎንበስ ብላ የእህቷን ጣቶች አንድ በአንድ ከቀሚሷ ላይ አላቀቀቻቸው። የመጨረሻውን ጣቷን ስታላቅቃት አስቻለች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ያኔ ማልቀስ ጀመረች።

«ተቀመጪ» አለች በዛች።

አድማሴ ከወንዶቹ ጋር በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ነበር። ይርገዱ ፊቱ ስትደርስ አላያትም። እጁን ኪሱ ከተተና ቁልፉን አግዳሚው ላይ፣ ከጎኑ አስቀመጠው። አንስታው ወጣች።

የኔአለም ማዳበሪያዎቹ ላይ ሆና ዱቄት በጣቷ እየነካች ፊቷን ትቀባ ነበር። አፍንጫዋም ጉንጯም ነጭ ሆኗል።

«አልጮህኩም» አለች።

«አውቃለሁ። ውረጂ።»

«ሰዎቹ ግን ይጮሃሉ። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

ይርገዱ ሻሿን ባልዲው ውስጥ ነክራ የእህቷን ፊት መጥረግ ጀመረች፤ ግንባሯን፣ ጉንጮቿን፣ የአፍንጫዋን ግራና ቀኝ። ውሃው ቀዝቃዛ ስለነበር እብጠቶቹ ቲማቲም መስለው ቀሉ። አንድም ዱቄት አላስቀረችም።

«እማ ትቆጣለች» አለች የኔአለም።

«አዎ።»

«አስቼስ?»

«እሷም።»

እጇን ይዛ ወደ ግቢው አወጣቻት። ከቤቱ የሚሰማ ነገር የለም። የኔአለም ግቢው መሃል ቆመችና ጆሮዋን ወደ በሩ አዘነበለች።

«ለምንድን ነው ዝም ያሉት?»

«አንቺን እየጠበቁ ነው» አለች ይርገዱ፤ እጇን ጠበቅ አድርጋ ይዛት መራመድ ጀመረች።